አሊሰን አናን፦ የሆኪ ተጫዋች እንዴት የሌላ አገር አሠልጣኝ ትሆናለች?

በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ሆኪ ፍጻሜ ላይ የተገናኙት ኔዘርላንድስና ቻይና ነበሩ። የቻይና ቡድን ዋና አሠልጣኝ ግን ቻይናዊት አልነበረችም። አሊሰን አናን የምትባል አውስትራሊያዊት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ኔዘርላንድስ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ስትወስድ የሆላንዶቹ አሠልጣኝም እሷው ነበረች። ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ ከመድረሷ በፊት በሩብ ፍጻሜ ያሰናበተችው ደግሞ የራሷን አገር አውስትራሊያን ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ለአንዱ አገር ተጫውቶ፣ ሌላውን አሠልጥኖ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም መግጠም እንዴት ይሆናል? በሜዳ ሆኪ ግን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአናንን ጉዞ ከመጀመሪያው ብንከተለው ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል። በተለይ አንድ ነገር፦ ጎበዝ ተጫዋች መሆን የአሠልጣኝነትን በር ያስከፍታል እንጂ ሥራውን አያስተምርም። አሠልጣኝነት እንደ አዲስ የሚለመድ ሌላ ሙያ ነው።

(ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ሆኪ ነው?

በበረዶ ላይ የሚካሄደው አይደለም። የሜዳ ሆኪ የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ፣ ሁለት ቡድን። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው። ሜዳው 91.4 ሜትር ርዝመትና 55 ሜትር ስፋት አለው። ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ነው፤ ኳሱ ፈጥኖ እንዲንሸራተት በትልልቅ ውድድሮች ውሃ ይረጭበታል። በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከግብ ጠባቂ በቀር ተጫዋቾች ኳሱን የሚጫወቱት በዱላቸው ብቻ ነው፤ በዱላው ክብ ጀርባም መንካት አይቻልም። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍሎች አሉት።

ሁለት ሕጎችን ልብ ብሎ መያዝ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው፣ ጎል የሚጸድቀው ኳሱ ከግቡ ፊት ባለው ክብ ውስጥ በአጥቂ ዱላ ከተነካ ብቻ ነው። የክቡ መስመር ከግቡ 14.63 ሜትር ይርቃል። ከሩቅ ጠልዞ ማግባት የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው የተጫዋች ቅያሪ ነው። ገደብ የለውም። የወጣ ተመልሶ ይገባል፤ ጨዋታውም ለቅያሪ ብሎ አይቆምም። አሠልጣኝን በዚህ ስፖርት ይህን ያህል ትልቅ ሰው ያደረገው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው።

አናን በተጫዋችነት ዘመኗ ማን ነበረች?

በ1973 በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተወለደች። ለብሔራዊ ቡድኗ 228 ጊዜ ተሰልፋ 166 ጎል አስቆጥራለች። በሆኪ ይህ የትልልቆች ቁጥር ነው። በ1996 አትላንታ ላይ፣ በ2000 ደግሞ በአገሯ ሲድኒ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። በ1994 እና በ1998 የዓለም ዋንጫ ካነሱት ውስጥም ነበረች።

ቡድኑ «ሆኪሩስ» ይባላል። አሠልጣኙ ሪክ ቻርልስዎርዝ ነበር። እሱን ሳያውቁ አናንን መረዳት ስለሚከብድ ትንሽ ቆም ብለን እናየዋለን።

ቻርልስዎርዝ ራሱ ለአውስትራሊያ የወንዶች ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። በ1976 ሞንትሪያል ላይ በፍጻሜው በኒውዚላንድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ብር ወሰደ። በ1986 ለንደን ላይ ከቡድኑ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ። የኦሎምፒክ ወርቅ ግን በተጫዋችነት አላገኘም። ከሆኪ ጎን ለጎን ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆኗል፤ ለዌስተርን አውስትራሊያ ክሪኬት ተጫውቷል፤ ከ1983 እስከ 1993 የፐርዝ ተወካይ ሆኖ በፌዴራል ፓርላማ ተቀምጧል። ሴቶቹን የተረከበው በ1993 ነው። እስከ 2000 ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅና ሁለት የዓለም ዋንጫ አመጣ። ከዓመታት በኋላ ወንዶቹን ይዞ በ2010 እና በ2014 ዓለም ዋንጫውን ደገመው።

ምን የተለየ ነገር አደረገ? ዋናው ነገር ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች «ቋሚ 11» እና «ተቀያሪ» ብለው ያስቡ በነበረበት ጊዜ፣ እሱ ገደብ የለሹን ቅያሪ እንደ መሣሪያ ተጠቀመበት። ተጫዋች ጥቂት ደቂቃ በሙሉ ጉልበት ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይገባል። ተጋጣሚ ሲደክም የእሱ ቡድን ገና ትኩስ ነው። አመራሩንም እንዲሁ በትኖታል፤ ኃላፊነቱን ሁሉ በአንድ አምበል ጫንቃ ላይ ከማድረግ ለብዙ ተጫዋቾች ማካፈልን ይመርጥ ነበር። ተቀያሪ ነኝ ብሎ የሚያኮርፍ፣ ኮከብ ነኝ ብሎ የሚዝናና እንዳይኖር ነው ዓላማው።

አናን ምርጥ ዓመታቷን ያሳለፈችው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሆና አይታለች። ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛውም የአሠልጣኞች ኮርስ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከሜዳ ወደ አሠልጣኝ ወንበር እንዴት ተሻገረች?

በአንድ ጊዜ አይደለም። ከሲድኒ በኋላ ኑሮዋን ወደ ኔዘርላንድስ አዞረች። ምርጫው ለሆኪ ሰው ግልጽ ነው። በኔዘርላንድስ ሆኪ ዳር ያለ ስፖርት አይደለም፤ በየከተማው ክለብ አለ፣ ሕፃናት ከትንሽነታቸው ይመዘገባሉ፣ የአገር ውስጥ ሊጉ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾችን ይስባል። ለመጫወትም ለማሠልጠንም ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

እዚያ በክለብ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረች። በ2004 አቴንስ ላይ ደግሞ የኔዘርላንድስ ሴቶች ምክትል አሠልጣኝ ነበረች። ቡድኑ በፍጻሜው በጀርመን ተሸንፎ ብር አገኘ። ዋና አሠልጣኝ የሆነችው ግን በ2015 መጨረሻ ነው። ከአቴንስ 11 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ርቀት ብዙ ሰው ይዘለዋል። 166 ጎል ያላት፣ ሁለት ወርቅ ያላት ሴት ከአሥር ዓመት በላይ በክለብና በምክትልነት ቆየች። ምክንያት አለው። አጥቂ ኳሱን ሲያገኝ የሚያደርገውን አስቦ አያደርገውም፤ እጁና እግሩ ያውቁታል። አሠልጣኝ ግን ያንን የማይነገር እውቀት በቃል አውጥቶ፣ እንደ እሱ ተሰጥኦ ለሌለው ሰው ማስረዳት አለበት። «እኔ እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ ማሳየት ሁልጊዜ አይሠራም። ትዕግሥቱና ቋንቋው የሚመጣው በዓመታት ልምምድ ነው።

የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ በትክክል ምን ይሠራል?

ትልቁ ሥራ መምረጥ ነው። የክለብ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን በየሳምንቱ ያገኛቸዋል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ደግሞ በአገር ካሉት ሁሉ ጥቂቶችን ይለያል። በኦሎምፒክ ለአንድ ጨዋታ የሚመዘገቡት 16 ብቻ ናቸው። ለዓመታት አብረው የለፉ ሰዎችን «አንቺ አትሄጂም» ማለት አለባት። ሌሎች ውድድሮች ላይ 18 ስለሚፈቀድ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስሞች መውደቅ ሁሌም ያማል።

ሁለተኛው የቅያሪ ዕቅድ ነው። ማን ከማን ጋር ይገባል፣ ማን ስንት ደቂቃ ይሮጣል፣ መጨረሻው ሩብ ላይ እነማን ትኩስ ይሁኑ? ይህ ከጨዋታው በፊት በወረቀት ላይ ይሠራል፤ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ጉዳትና ካርድ ያፈርሰዋል። አረንጓዴ ካርድ ተጫዋችን 2 ደቂቃ ያስወጣል። ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ቡድኑ በጎዶሎ ይጫወታል፣ አሠልጣኙም ዕቅዱን እዚያው ይቀይራል።

ሦስተኛው ፔናልቲ ኮርነር ነው። ሆኪን ሆኪ ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ስለሆነ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል። ተከላካይ በክቡ ውስጥ ጥፋት ሲሠራ ለአጥቂው ቡድን ይሰጣል። ግብ ጠባቂን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ብቻ ከግብ መስመሩ ጀርባ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳሉ። አንዷ አጥቂ ኳሱን ከግቡ አጠገብ ካለው መስመር ወደ ክቡ ጫፍ ትገፋለች፣ እዚያ ያለችው ታቆመዋለች፣ ሦስተኛዋ ትመታለች። ተከላካዮቹ ኳሱ እንደተነሳ ሮጠው ይወጣሉ። ሁሉ ነገር በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

ኳሱ በጉልበት ከተመታ የመጀመሪያው ምት ከ46 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ግቡ ውስጥ መግባት የለበትም። በዱላ እየጎተቱ መወርወር ግን ይህ ገደብ የለበትም። ለዚህ ነው ጥሩ ጎታች ወርዋሪ ያለው ቡድን የሚፈራው። እያንዳንዱ ቡድን በርካታ ዓይነት አሠራር በልምምድ ያጠናል፤ ተጋጣሚውም ቪዲዮ እያገላበጠ ምስጢሩን ለመፍታት ይሞክራል። ግማሹ ትግል የሚያልቀው ከጨዋታው በፊት በነበረው ሌሊት ስክሪን ፊት ነው ብንል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የመለያ ምቱም ከእግር ኳስ ይለያል። ተጫዋቿ ከ23 ሜትር መስመር ኳሱን ይዛ ትነሳለች። ግብ ጠባቂዋን አታልሎ ለማግባት ያላት ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። ግብ ጠባቂዋ ወጥታ መጋፈጥ ትችላለች። እንግዲህ ማን ይመታል፣ በምን ቅደም ተከተል ይመታል የሚለውም የአሠልጣኝ ውሳኔ ነው።

ከኔዘርላንድስ ጋር ምን አሳካች?

ጅማሬው መራራ ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ቡድኗ ለፍጻሜ ደርሶ ከታላቋ ብሪታኒያ ጋር 3 ለ 3 ወጣ። በመለያ ምት 2 ለ 0 ተሸነፈ። የብሪታኒያዋ ግብ ጠባቂ ማዲ ሂንች አንድም ሆላንዳዊት አላሳለፈችም። ኔዘርላንድስ የ2008ንና የ2012ን ወርቅ የወሰደች አገር ስለሆነች፣ ብር እዚያ እንደ ውድቀት ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ የሚቀመስ አልሆነም። በ2018 ለንደን ላይ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አየርላንድን 6 ለ 0 ረታ። በ2017፣ በ2019 እና በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ኦገስት 6 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ አርጀንቲናን 3 ለ 1 አሸንፎ ወርቁን መለሰ። ሦስቱም የሆላንድ ጎሎች የተቆጠሩት በሁለተኛው ሩብ ነው፤ የተገኙትም ከላይ ካብራራነው ፔናልቲ ኮርነር ነው። ካያ ቫን ማሳከር ብቻዋን ሁለት አስቆጠረች።

ብዙ ሰው የማያውቀውን እዚህ ላይ እናንሳ፤ በኦሎምፒክ አሠልጣኝ ሜዳሊያ አይሰጠውም። መድረኩ ላይ የሚወጡት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። አናን ቤት ያሉት ሁለት ወርቆች በተጫዋችነት ያገኘቻቸው ናቸው። የቶኪዮው ወርቅ በታሪክ መዝገብ ከስሟ ጋር ይጻፋል እንጂ አንገቷ ላይ አልዋለም።

እንዲህ አሸንፋ ለምን ተለያዩ?

ከቶኪዮ በኋላ ወራት ሳይቆጠሩ ስለ ቡድኑ ውስጣዊ ባህል ቅሬታ ተሰማ። የኔዘርላንድስ ሆኪ ማኅበር ምርመራ አስደረገ። ከተጫዋቾቹና ከቀድሞ ተጫዋቾች መካከል በፍርሃት ውስጥ እንሠራ ነበር ያሉ ነበሩ። በጃንዋሪ 2022 ማኅበሩ ከአናን ጋር ያለውን ውል አቋረጠ።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ልምምዱ ላይ አልነበርንም። ማብራራት የሚቻለው ግን አለ። ድሮ አሠልጣኝ የሚለካው በውጤት ብቻ ነበር። አሁን በብዙ አገሮች ማኅበራት ውጤቱ የተገኘበትን መንገድም ይጠይቃሉ። ተጫዋቾች ያለ ፍርሃት መናገር ይችላሉ ወይ? ከምርጫ የወደቀች ተጫዋች በክብር ይነገራታል ወይ? ወርቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሆኖ አይቀርብም። ይህ ለውጥ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተጫዋቾቹ ሜዳሊያውን ይዘው የሚኖሩት ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ሕይወት ነውና።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት ለሚሻገር ሰው ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ራስን ሳይራሩ መግፋት ታላቅ ተጫዋች ያደርጋል። ያንኑ ግፊት በሌሎች ላይ ሲያሳርፉት አንዷን ያበረታል፣ ሌላዋን ይሰብራል። የቱ ለማን እንደሚሆን መለየት የአሠልጣኝ ድርሻ ነው።

ቻይና ስትሄድ ምን ሆነ?

በዚያው በ2022 የቻይናን ሴቶች ተረከበች። ቻይና ለሆኪ እንግዳ አይደለችም። በ2008 ቤጂንግ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በኔዘርላንድስ 2 ለ 0 ተሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ከሜዳሊያ ርቃ ቆይታለች።

የመጀመሪያው ፈተና የእስያ ጨዋታዎች ነበር። በኮቪድ ምክንያት አንድ ዓመት ተገፍቶ በ2023 ሃንግዡ ላይ ተካሄደ። አሸናፊው በቀጥታ ለፓሪስ ያልፋል። ቻይና በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 0 አሸንፋ ትኬቱን ቆረጠች።

ፓሪስ ላይ አጀማመራቸው ብዙም የሚያስፈራ አልነበረም። በምድብ ጨዋታ በኔዘርላንድስ ተሸንፈዋል። ነገር ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ አውስትራሊያን 3 ለ 2 ጣሉ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከቤልጂየም ጋር 1 ለ 1 ወጥተው በመለያ ምት 3 ለ 2 አለፉ።

ፍጻሜው ኦገስት 9 በኮሎምብ፣ በኢቭ ዱ ማኑዋር ስታዲየም ተደረገ። ቻይና ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቼን ዪ ጎል መራች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተከላከለች። የዓለም ምርጥ የተባለው አጥቂ ክፍል ደጋግሞ መጣ፣ ደጋግሞ ተመለሰ። በመጨረሻው ሩብ ላይ ይቢ ያንሰን አቻ አደረገች። በመለያ ምት ኔዘርላንድስ 3 ለ 1 አሸነፈች፤ ግብ ጠባቂዋ አን ፌነንዳል ትልቁን ድርሻ ወሰደች።

አናን ሆላንዶቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ብዙዎቹን እሷው ናት ያሠለጠነቻቸው። ይህ እውቀት የወርቅና የብር ርቀትን እስከ መለያ ምት ድረስ አጠበበው። ግን ለተጋጣሚም እንዲሁ ነው፤ እነሱም እሷን ያውቋታል።

ሕጉ ይፈቅዳል? ሌሎችስ?

ሕጉ ለተጫዋችና ለአሠልጣኝ አንድ አይደለም። ተጫዋች የሚሰለፍበት አገር ዜጋ መሆን አለበት። ለአንዱ አገር ተጫውቶ ዜግነት ቢቀይር እንኳ ለአዲሱ ከመሰለፉ በፊት የመቆያ ጊዜ አለ። አሠልጣኝ ግን ባለሙያ ነው፤ ውል ፈርሞ የሚሠራ። ዜግነቱን የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ የሆኪ አሠልጣኞች ዓለምን ይዞራሉ። ማክስ ካልዳስ ለአርጀንቲና ተጫውቶ በ2012 የኔዘርላንድስን ሴቶች ለወርቅ አበቃ። ያነከ ስሆፕማን በ2008 ከኔዘርላንድስ ጋር ወርቅ ወስዳ አሜሪካን፣ ሕንድን፣ ጀርመንን አሠለጠነች። ግራሃም ሪድ በ1992 ባርሴሎና ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ብር አገኘ። በአሠልጣኝነት የራሱን አገር ወንዶች ከያዘ በኋላ ሕንድን ተረከበ። ሕንድ ቶኪዮ ላይ ጀርመንን 5 ለ 4 አሸንፋ ነሐስ ስታገኝ ከ41 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ የሆኪ ሜዳሊያ ነበር።

አገሩን ሳይለቅ የተሳካለትም አለ። የረን ደልሜ በ1996 እና በ2000 ለኔዘርላንድስ ወርቅ ያመጣ ተጫዋች ነበር፤ በ2024 ፓሪስ ላይ የኔዘርላንድስን ወንዶች አሠልጥኖ አሸነፈ። በመጨረሻው ወርቁና በፓሪሱ መካከል 24 ዓመት አለ።

የሕንዱ ግብ ጠባቂ ፒ አር ስሪጄሽ ደግሞ ገና መንገዱን እየጀመረ ነው። በቶኪዮና በፓሪስ ሁለት ነሐስ ወስዶ ከፓሪስ በኋላ መጫወት አቆመ። በአገሩ ስሙ የትልልቆች ስም ነው። ሆኖም በአሠልጣኝነት መጀመሪያ የተሰጠው ዋናው ብሔራዊ ቡድን ሳይሆን የወጣቶቹ ነው።